የአልቲሜትሩ ጀርባ ምን ይላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው አምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ጉዳዩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና በዚያው አካባቢ በነበሩት ዓመታት ከበረሩ የጦር አውሮፕላኖች የአብራሪ ክፍል፣ ማለትም ከኮክፒት፣ የወጡ መለኪያዎችን፣ ማብሪያ ማጥፊያዎችንና መሪዎችን ለይቶ ማወቅና መሰብሰብ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ነፍሳቸውን ይማርና አያቴ በሳሎን ቡፌ ላይ ያኖሩት የነበረ አንድ ክብ ጥቁር መለኪያ ወርሻለሁ። እርሳቸው ከመርካቶ ምናለሽ ተራ እንደገዙት ይናገሩ ነበር፤ ቤተሰቡ ግን በማይጨው ጦርነት ተመትቶ ከወደቀ የጣልያን አውሮፕላን የተነቀለ ነው ይላል። ፊቱ ላይ እስከ 500 የሚደርሱ ቁጥሮችና “ኪሎ ሜትር በሰዓት” የሚል የጣልያንኛ ጽሑፍ አለ። ከጀርባው የተለጠፈችው ትንሽ ታርጋ ደግሞ በሚላኖ የሚገኝ የፋብሪካ ስም፣ አራት አኃዝ ያለው ቁጥርና በሮማውያን አጻጻፍ 18 የሚል ምልክት ይዛለች። የቤተሰቡ ታሪክ እውነት ሊሆን ይችላል? ውጭ አገር ያለ ገዢም አግኝቻለሁ፤ መሸጥ ይፈቀድልኛል?
ሰ. ወ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከላኩልን ፎቶግራፍ ውስጥ ብዙ የሚናገረው ያ የሮማውያን ቁጥር ነው። የፋሺስቱ መንግሥት ዘመንን የሚቆጥረው ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1922 መጨረሻ ጀምሮ ስለነበር፣ በዚያ ጊዜ በተሠሩ የጣልያን ወታደራዊ ዕቃዎች ላይ ከተለመደው ዓመት ጎን ወይም በእርሱ ፈንታ ይኸው ቁጥር ይቀረጽ ነበር። 18ኛው ዓመት የሚባለው ከኦክቶበር 1939 መጨረሻ እስከ ኦክቶበር 1940 መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። የማይጨው ጦርነት የተደረገው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ በፋሺስቶቹ ቆጠራ ያ ገና 14ኛው ዓመት ነበር። እንግዲህ ምልክቱ የተሠራበትን ዓመት የሚያሳይ ከሆነ፣ የአያትዎ መለኪያ በማይጨው ሰማይ ላይ ሊገኝ አይችልም፤ ያን ጊዜ አልተሠራም።

ይህ ማለት ግን ዕቃው ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር አይገናኝም ማለት አይደለም። ጣልያን እ.ኤ.አ. በጁን 1940 ወደ ዓለም ጦርነቱ ስትገባ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ግዛቷ ውስጥ ካፕሮኒ 133፣ ሳቮያ ማርኬቲ 79 እና 81፣ እንዲሁም ፊያት ሲ.አር. 32 እና ሲ.አር. 42 የሚባሉ ተዋጊና ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ነበሯት። የባሕሩ መንገድ ከተዘጋ በኋላም ሳቮያ ማርኬቲ 82 የሚባሉት ትልልቅ የማጓጓዣ አውሮፕላኖች የተፈታቱ ሲ.አር. 42 ተዋጊዎችን በሆዳቸው ይዘው እስከዚህ ድረስ ይበሩ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 የተሠራ ዕቃ እዚህ መገኘቱ የሚያስገርም አይደለም። ከእነዚህ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ የወደሙት በአየር ላይ ውጊያ ሳይሆን በመሬት ላይ እንደቆሙ፣ በእንግሊዝና በደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች ተደብድበው ነው። አዲስ አበባ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ከጣልያኖች እጅ ስትወጣ፣ ኋላም በኅዳር 1934 ዓ.ም. የጎንደር ጦር እጁን ሲሰጥ፣ በየአየር ማረፊያው ስብርባሪና በየመጋዘኑ መለዋወጫ መቅረቱ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ቆራሌው የሰበሰበው ብረታ ብረት መርካቶ ገብቶ መቸርቸሩን ለማመን ብዙ መከራከር አያስፈልግም። አያትዎ “ከምናለሽ ተራ ገዛሁት” ያሉት ለእኔ ከማይጨው ታሪክ ይልቅ የሚታመን ቃል ነው።

ከየትኛው አውሮፕላን እንደወጣ ለማወቅ ደግሞ በመጠኑ ብቻ መሄድ ይቻላል። ካፕሮኒ 133 በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በታች የሚበር ዝግተኛ አውሮፕላን ስለሆነ፣ ፊቱ በ300 የሚያበቃ መለኪያ ቢሆን ኖሮ ሲ.አር. 42ን ከዝርዝሩ እናወጣ ነበር፤ ተዋጊው ከ400 በላይ ይበራልና። በ500 የሚያበቃ መለኪያ ግን ለፈጣኑም ለዝግተኛውም ሊገጠም ስለሚችል ማንንም አያስወጣም። ሊጠነቀቁለት የሚገባው ሌላ ነገር በታርጋው ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ነው። ይህ የመለኪያው የራሱ ተከታታይ ቁጥር ነው እንጂ የአውሮፕላኑ አይደለም። የጣልያን አየር ኃይል ለእያንዳንዱ አውሮፕላን የሚሰጠው የምዝገባ ቁጥር ሁለት ጊዜ በተጻፈ “ኤም” ፊደል የሚጀምር ሲሆን፣ የሚገኘውም በአውሮፕላኑ አካል ላይ ነው። አንድ ሻጭ የመለኪያን ተከታታይ ቁጥር እያሳየ “ይህ የእገሌ አውሮፕላን ነው” ቢል አይቀበሉት።

ስለ መሸጡ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። በገበያ የተገዛ አንድ የፍጥነት መለኪያ በቅርስነት ይመደባል ወይስ አይመደብም የሚለውን የሚወስነው ገዢዎ ወይም እኔ ሳንሆን የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ፎቶግራፉን ይዘው ሄደው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ወረቀቱ ባይኖርዎት ዕቃው ከጉምሩክ ላይመለስ ይችላል። የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ ባይሸጡት እመርጣለሁ። በውጭ ገበያ እንዲህ ያለ መለኪያ ብርቅ አይደለም፤ የእርስዎን ለየት የሚያደርገው ከአዲስ አበባ መገኘቱ ሲሆን፣ ያም ታሪክ ዕቃው ከአገር በወጣ ማግሥት ማስረጃ አልባ ወሬ ይሆናል። ማስረጃው ያልተቋረጠ ዕቃ ምን ያህል እንደሚከበር ለማየት፣ በጀርመናዊው መሐንዲስ በሉድቪግ ቬበር መሪነት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሠራችውን “ፀሐይ” የተባለች አውሮፕላን ማሰብ በቂ ነው። ወደ ጣልያን ተወስዳ በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለታየች ማንነቷ አከራካሪ አልነበረም፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ስትመለስም “ይህች እርሷ አይደለችም” ያለ ሰው አልተገኘም።

ጥያቄ፦ እዚህ እንግሊዝ አገር የአሮጌ አውሮፕላን ዕቃ በሚሸጥባቸው ገበያዎች መዞር እወዳለሁ። ባለፈው አንድ ነጋዴ “የስፒትፋየር አልቲሜትር” ብሎ አንድ የከፍታ መለኪያ፣ “ከወደቀ ስፒትፋየር የተቆፈረ” ብሎ ደግሞ አንድ የተጨራመተ የአሉሚኒየም ቁራጭ አሳየኝ። ለሁለቱም የጠየቀኝ ዋጋ ቀላል አይደለም። ትክክለኛ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?
ዳ. አ.፣ ከለንደን

መልስ፦ ሁለቱ ዕቃዎች የሚመረመሩበት መንገድ ለየቅል ስለሆነ አንድ በአንድ እንያቸው።

በጦርነቱ ዘመን የእንግሊዝ አየር ኃይል ለአብራሪዎቹ ስድስት መሠረታዊ መለኪያዎችን በአንድ ሰሌዳ ላይ በተወሰነ ሥርዓት ይደረድር ነበር። እነርሱም የአየር ፍጥነት መለኪያ፣ ሰው ሠራሽ አድማስ፣ የመውጣትና የመውረድ ፍጥነት መለኪያ፣ አልቲሜትር ወይም የከፍታ መለኪያ፣ የአቅጣጫ ጠቋሚ፣ እንዲሁም የመዞርና የመንሸራተት ጠቋሚ ናቸው። ይህ ሰሌዳ በስፒትፋየርና በሃሪኬን ተዋጊዎችም፣ አራት ሞተር ባለው በላንካስተር ቦምብ ጣይም ይገኝ የነበረው አንድ አውሮፕላን የለመደ አብራሪ በሌላው ውስጥ ሲቀመጥ ዓይኑ እንዳይቸገር በማሰብ ነው። ስለዚህ ነጋዴው “የስፒትፋየር አልቲሜትር” ሲል፣ ቢበዛ “በስፒትፋየርም ውስጥ ይገጠም ከነበረው ዓይነት” ማለቱ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ገበያ ላይ ከሚታዩት ንጹሕ መለኪያዎች ብዙዎቹ ከጦርነቱ በኋላ ከመጋዘን በትርፍነት የተሸጡና አውሮፕላን ውስጥ ገብተው የማያውቁ ናቸው። ያም ቢሆን እውነተኛ የጦርነት ዘመን ዕቃ መሆናቸው አይቀርም፤ የሚያስከፋው ስፒትፋየር የሚለው ስም ዋጋውን ብዙ እጥፍ ማድረጉ ነው።

መለኪያውን ሲያነሡ ወዲያው ያዙሩት። ከጀርባው ወይም ከጎኑ፣ ዘውድ ከበላዩ የተቀመጠበት “ኤ” እና “ኤም” የሚሉ ሁለት ፊደሎች ካዩ የእንግሊዝ የአየር ሚኒስቴር ምልክት ነው። ዘውዱን በማጉያ መነጽር አስተውለው ይመልከቱት። የንጉሥ ጆርጅ ዘመን ዘውድ ቅስቶቹ ወደ ላይ የጎበጡ ሲሆን፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ ከነገሡ በኋላ የመጣው ዘውድ ቅስቶቹ መሐል ላይ ጎድጎድ ይላሉ። ጎድጎድ ያለውን ካዩ ዕቃው ወይም ቢያንስ ማኅተሙ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የመጋዘን መለያ ቁጥሩን ይፈልጉ። ለአውሮፕላን መለኪያዎች “6ኤ” በሚል ምድብ፣ ለኤሌክትሪክ ማብሪያዎች “5ሲ” በሚል ምድብ፣ ለሬዲዮ ዕቃዎች ደግሞ በ10 በሚጀምር ምድብ ይጻፋል፤ ከእዝባር በኋላ የሚከተለው ቁጥር የዕቃውን ዓይነት ይለያል። አሥራ ሦስት አኃዝ ያለው ረጅም ቁጥር ካገኙ ግን የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች ከጦርነቱ ዓመታት በኋላ ያመጡት አቆጣጠር ስለሆነ፣ የእ.ኤ.አ. 1940 ታሪክ የሚነግርዎትን ሻጭ በትሕትና አመስግነው ማለፍ ነው። የፍጥነት መለኪያ ከሆነ አሃዱንም ይመልከቱ፤ የአየር ኃይሉ በጦርነቱ ጊዜ የሚጠቀመው በማይል በሰዓት ሲሆን፣ በኖት፣ ማለትም በባሕር ማይል በሰዓት፣ የሚለካ ከሆነ ከባሕር ኃይሉ አውሮፕላን ወይም ከኋለኛው ዘመን የመጣ ይሆናል።

ብሎኖቹም ይናገራሉ። የእንግሊዝ መለኪያዎች የሚታሰሩት በዚያ አገር የራሱ የጥቃቅን ብሎን መስፈርት በተሠሩና አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀጥተኛ ስንጥቅ ባላቸው ብሎኖች ነው። ባለ መስቀል ካቻቪቴ የሚፈልግ የሚያብለጨልጭ ብሎን ካዩ አንድ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው፤ ውስጡ የማን እንደሆነ ከዚያ ወዲያ ዋስትና የለም። ታርጋው ጠርዙ እንደ ምላጭ የሰላ፣ ፊደሎቹ እኩል ጥልቀት ያላቸውና ከበስተኋላው ምንም እድፍ የሌለበት ከሆነም በቅርቡ በማሽን የተቀረጸ ቅጂ መሆኑን ይጠርጥሩ። ቀለበት የመሰለው የተዋጊ አውሮፕላን የመሪ እጀታ፣ ከፍሬን ማንሻውና ከመተኮሻ ቁልፉ ጋር፣ ሰብሳቢ ሁሉ የሚመኘው ዕቃ በመሆኑ ከሙጫ የተሠሩ ቅጂዎቹ በብዛት ይገኛሉ። በእጅ ሲመዝኑት የብረቱን ቅዝቃዜና ክብደት ካላገኙበት አይግዙት።

አሁን ወደ አሉሚኒየሙ ቁራጭ እንምጣ። ስፒትፋየርን በተመለከተ ዕድለኛ ነዎት፤ ፋብሪካው የእያንዳንዱን ክፍል የንድፍ ሥዕል ቁጥር በራሱ በክፍሉ ላይ ያትም ነበርና። 300 በሚል የሚጀምር ቁጥር ከመጀመሪያው ሞዴል፣ 349 ከአምስተኛው፣ 361 ከዘጠነኛው ሞዴል ሥዕል የመጣ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ክፍል ካልተለወጠ በስተቀር የድሮ ቁጥሩን እንደያዘ ወደ አዲሱ ሞዴል ስለሚሻገር፣ 300 የሚል ማኅተም ያለበት ቁራጭ ከዘጠነኛው ሞዴል ሊወጣ ይችላል። ከሥዕል ቁጥሩ አጠገብ በትንሽ ክብ ውስጥ የተመታ የተቆጣጣሪ ማኅተም ይፈልጉ። “6ኤስ” የሚለው የሱፐርማሪን ፋብሪካ፣ “ሲ.ቢ.ኤ.ኤፍ.” የሚለው የካስል ብሮምዊች ፋብሪካ ነው፤ ሁለቱም ስፒትፋየር ይሠሩ ነበር። “41ኤች” ካገኙ የሃሪኬን ሠሪ የሆነው የሆከር ማኅተም ስለሆነ፣ ነጋዴው አውሮፕላኑን ተሳስቷል ማለት ነው። ማኅተሙ ከቀለሙ በታች ሆኖ ቀለሙ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መድረቁ፣ የአብራሪ ክፍሉም ግራጫ አረንጓዴ ቀለም በሪቬቶቹ ዙሪያ ሳይቋረጥ መቅረቱ ጥሩ ምልክት ነው። ማኅተሙ ቀለሙን ሰብሮ ብልጭ የሚል ብረት ካሳየ ግን ትናንት የተመታ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ወረቀት ይጠይቁ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የወታደራዊ ቅሪቶች ጥበቃ ሕግ መሠረት፣ በወታደራዊ አገልግሎት ላይ እያለ የወደቀ አውሮፕላን ሁሉ ያለ ምንም ተጨማሪ ውሳኔ የተጠበቀ ስለሆነ፣ ከመከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ ሳይያዝ መቆፈርም ሆነ መነካካት ወንጀል ነው። የሰው አስከሬን ወይም ያልፈነዳ ጥይት ሊገኝበት ይችላል ተብሎ ለሚገመት ቦታም በአብዛኛው ፈቃድ አይሰጥም። “ተቆፍሮ የወጣ” የሚል ነጋዴ መቼ፣ የት፣ በማን ፈቃድ እንደተቆፈረ ሊያሳይዎት ይገባል። ይህን ሲጠይቁት ፊቱን የሚያጨፈግግ ከሆነ ቁራጩ እውነተኛ መሆኑ ራሱ አለመግዛት እንዲመርጡ የሚያደርግ ምክንያት ነው፤ ከስብርባሪው ጋር አብሮ ያለው የአንድ ወጣት አብራሪ መቃብር ሊሆን ይችላልና።

ጥያቄ፦ ከአንድ የቤት ዕቃ ሽያጭ የአሜሪካ ጦር አልቲሜትርና የአውሮፕላን ሰዓት ገዛሁ። ቁጥሮቹ ወደ ቡናማ የተለወጠ ወፍራም ቀለም አላቸው፤ ማታ ግን አያበሩም። የስምንት ዓመት ልጄ በጣም ስለወደዳቸው መኝታ ክፍሉ ውስጥ ልናስቀምጣቸው አስበናል። ለበዓል ስንመጣም አንዱን አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ በሻንጣ ልናመጣለት ነው። የሚያሠጋ ነገር አለው?
ሕ. መ.፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ አዎ፣ አለው። እባክዎን ከልጅዎ ክፍል ዛሬውኑ ያውጧቸው።

የዚያን ዘመን መለኪያዎች በጨለማ እንዲነበቡ ቁጥሮቻቸውና ቀስቶቻቸው የሚቀቡት ራዲየም ከተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገርና ከዚንክ ሰልፋይድ በተደባለቀ ቀለም ነበር። ራዲየሙ ጨረር ይረጫል፣ ዚንክ ሰልፋይዱም ጨረሩን ተቀብሎ ያበራል። ከዓመታት በኋላ ዚንክ ሰልፋይዱ በጨረሩ ተጎድቶ ማብራቱን ያቆማል፤ ራዲየሙ ግን ግማሽ ያህሉ እስኪያልቅ 1,600 ዓመት ገደማ የሚፈጅ በመሆኑ ዛሬም በፋብሪካው እንደተቀባ ያህል ነው። ስለዚህ አለማብራቱ ደኅንነቱን አያሳይም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ወደ ቡናማ መለወጡ ራሱ የራዲየም ቀለም የተለመደ ገጽታ ነው። በእርግጥ የአሜሪካ መለኪያዎች ሁሉ በራዲየም አልተቀቡም፤ በልዩ መብራት ብቻ የሚታይ ጉዳት የሌለው ቀለም የተቀቡም ነበሩ። ልዩነቱን በዓይን መለየት ስለማይቻል ጋይገር ቆጣሪ በተባለው የጨረር መለኪያ መለካት ያስፈልጋል።

ዋናው አደጋ ያለው መለኪያው ሲከፈት ነው። መስታወቱ እንዳለ ከሆነ አደገኛው የቀለሙ ብናኝ ታፍኖ ይቀመጣል። መስታወቱ ከተሰነጠቀ፣ ወይም አንድ ሰው “ላጽዳው” ብሎ ቀለሙን ከፋቀው ግን ብናኙ ወደ ሳንባ ወይም በእጅ በኩል ወደ አፍ ይገባል፤ ራዲየም በሰውነት ውስጥ የካልሲየምን መንገድ ተከትሎ አጥንት ላይ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ በኒው ጀርሲ የሰዓት ፊት ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ይሠሩ ስለነበር ብዙዎቹ በመንጋጋና በአጥንት በሽታ መሞታቸው በሰፊው የታወቀ ነው። በተጨማሪም ራዲየም ራዶን የተባለ ጋዝ ያመነጫል። አንድ መለኪያ የሚያወጣው ትንሽ ቢሆንም፣ በርካታ መለኪያዎች አየር በማይገባበት ቁም ሣጥን ውስጥ ሲጠራቀሙ ጋዙም አብሮ ይጠራቀማል።

ዕቃዎቹን ማስቀመጥ ከፈለጉ ሰው በማይተኛበትና በማይቀመጥበት፣ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል፣ ሕፃን በማይደርስበት ቦታ ይሁን። ከያዟቸው በኋላ እጅዎን ይታጠቡ፤ አይክፈቷቸው፤ መስታወቱ የተሰነጠቀውን በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት አሽገው በግዛትዎ የጨረር ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እስኪያማክሩ አይንኩት። በሻንጣ ይዞ መብረሩን ይተዉት። ጨረር አመንጪ ዕቃ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም፤ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባትም በመንግሥት የጨረር ቁጥጥር ሥር ያለ ጉዳይ ነው።

ለልጅዎ ግን የተሻለ ነገር በአቅራቢያዎ አለ። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ቻንቲሊ ውስጥ በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ኡድቫር ሄዚ ማዕከል የዚያ ዘመን አውሮፕላኖች፣ ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለው ኢኖላ ጌይ ጭምር፣ በአካል ቆመው ይታያሉ። ከፍ ካለው መተላለፊያ ላይ ሆኖ ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ማየት ስለሚቻል፣ መለኪያዎቹ በየቦታቸው ምን እንደሚመስሉ ልጅዎ እዚያ ቢማር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከያፎ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ የጀርመን የነዳጅ መለኪያ ገዛሁ። ሻጩ እ.ኤ.አ. በ1948 ጦርነት ከተዋጋ የእስራኤል አውሮፕላን የወጣ ነው አለኝ። የጀርመን ዕቃ እንዴት የእስራኤል አውሮፕላን ውስጥ ሊገባ ይችላል? እያታለለኝ ይሆን?
ተ. በ.፣ ከቤር ሸባ

መልስ፦ ነገሩ ለጆሮ እንግዳ ይሁን እንጂ መሠረት አለው። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1948 ከቼኮዝሎቫኪያ የገዛችው አቪያ ኤስ-199 የተባለው ተዋጊ፣ በጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 አካል ላይ በመጀመሪያ የታሰበለት የዳይምለር ቤንዝ ሞተር ባለመገኘቱ ለቦምብ ጣይ የተሠራው ጁሞ 211 ሞተር የተገጠመበት፣ አብራሪዎቹ ለመሬት መነሻና ማረፊያ አስቸጋሪነቱ የሚያማርሩት አውሮፕላን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋጋውም እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 1948 በአሽዶድ አቅራቢያ በግብፅ ጦር ላይ ነው። ስለዚህ ጀርመን ሠራሽ ወይም በጀርመን ንድፍ ቼኮች የሠሩት መለኪያ በእስራኤል አውሮፕላን ውስጥ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው።

ሆኖም የተቻለ ነገር ሁሉ የሆነ ነገር አይደለም፤ ጀርመናዊ መለኪያ ከአውሮፓ በስደተኛ ሻንጣ ወይም በነጋዴ እጅ ከመጣም ያው ይመስላል። በጦርነቱ ዘመን የጀርመን መለኪያ ላይ “ኤፍ” እና “ኤል” በሚሉ ሁለት ፊደሎች የሚጀምር የዕቃ ቁጥር ይገኛል። ብዙ ጊዜም የሠሪው ስም ተደብቆ በሦስት ትንንሽ ፊደሎች ምሥጢራዊ መለያ ይተካል። በመለኪያዎቹ ዙሪያ የሚቀባው ቀለምም ትርጉም አለው፤ ቢጫ ነዳጅን፣ ቡናማ የሞተር ዘይትን፣ ሰማያዊ ኦክስጅንን ያመለክታል። የእርስዎ የነዳጅ መለኪያ ከሆነ የቢጫ ቀለም ቅሪት ይፈልጉበት። ጽሑፉ ቼክኛ ከሆነ የሻጩ ቃል ክብደት ይጨምራል፤ በዕብራይስጥ የተጻፈ የጥገና ምልክት ወይም የአየር ኃይል ማኅተም ካለበት ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል። ሦስቱም ከሌሉ ጥሩ የጀርመን መለኪያ አለዎት፣ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን በእጅዎ የለም። ከቤትዎ ብዙም በማይርቀው በሃጼሪም የአየር ኃይል ሙዚየም አንድ አቪያ ኤስ-199 ስለሚገኝ፣ ዕቃውን ሳይሆን ግልጽ ፎቶግራፉን ይዘው ሄደው ቢያመሳክሩ ይጠቅምዎታል። የንስርና የስዋስቲካ ማኅተም ካለበት ወደ ጀርመን አገር ለመላክ ወይም እዚያ በጨረታ ለማቅረብ አይሞክሩ፤ ምልክቱን በአደባባይ ማሳየት በሕግ ያስጠይቃል፣ የተፈቀዱትም ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው።

ጥያቄ፦ ከአንድ የጋራዥ ባለቤት የእንግሊዝ አውሮፕላን የማብሪያ ማጥፊያ ሰሌዳ አገኘሁ። በብርጭቆ ወረቀትና በቤንዚን አጽድቼ እንደገና ጥቁር ልቀባው አስቤያለሁ። ከሰሌዳው ጥግ ሁለት ጎን ለጎን የተቀመጡ የግፊት ቁልፎች አሉ፤ ምን ይሠሩ ነበር?
ኤ. ገ.፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ የብርጭቆ ወረቀቱን ያስቀምጡት። ሰሌዳው ላይ ያለው የተላጠ ቀለም፣ በእጅ የተጻፈ ቁጥርና የደበዘዘ ማኅተም ዕቃው ምን እንደሆነ የሚነግሩዎት ብቸኛ ምስክሮች ናቸው፤ አንዴ ከተፋቁ ሰሌዳው ተራ ቆርቆሮ ይሆናል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፤ ለቀረው እድፍ በተጣራ ውኃ እርጥብ ያለ ጨርቅ ይበቃል። በአሉሚኒየሙ ላይ የታየው ነጭ ዱቄት ዝገት በእንጨት ስንጥር ቀስ እያሉ የሚነሣ ሲሆን፣ ማብሪያዎቹ የተሠሩበትን ባክላይት የተባለ የድሮ ፕላስቲክ ግን ቤንዚንም ቲነርም አያስነኩት። ከማጽዳትዎ በፊት ሰሌዳውን ከፊትና ከኋላ ፎቶግራፍ ያንሡት፣ ሽቦዎቹንም አይቁረጡ።

ሁለቱን ቁልፎች በተመለከተ፣ እንደገለጹት ተጣምረው የተቀመጡ ከሆነ ወዳጅንና ጠላትን ለራዳር የሚለየውን የሬዲዮ መሣሪያ ማውደሚያ ሳይሆኑ አይቀሩም። መሣሪያው በጠላት እጅ እንዳይገባ ውስጡ ትንሽ ፈንጂ ይቀመጥበት ነበር፤ አብራሪው በስሕተት እንዳያፈነዳው ሁለቱንም ቁልፎች በአንድ ጊዜ መጫን ነበረበት። ቁልፎቹ ለብቻቸው ምንም አያደርጉም። የጋራዡ ባለቤት ግን ከሰሌዳው ጋር አብሮ የተገኘ የሬዲዮ ሣጥን እንዳለው ከነገረዎት፣ ሣጥኑን ማንም ሳይከፍተውና ሳያንቀሳቅሰው ለፖሊስ ያሳውቁ።